የመመሪያው አሥራ ሰባተኛ ገጽ

የጥገና ሠራተኛው ከፋብሪካው መቀላቀያ ማሽን አጠገብ በጀርባው ተዘርግቷል። የገደለው ኤሌክትሪክ ነው። ጡረታ ለመውጣት አራት ወር የቀረው መርማሪ ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ ተነሣና የማሽኑን ሶፍትዌር መመሪያ ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። ገጽ አሥራ ሰባት ስለ ጽዳት ነው፤ ከጽዳት በፊት ኃይል ይቋረጥ የሚል ግን የለበትም።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ» አለች የመመሪያው ጸሐፊ፤ ዓይኗ አብጧል። «ያንን መስመር የጻፍኩት ይመስለኝ ነበር። ግን ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እሰረኝ፣ ምን እላለሁ?»

«ለመታሰር ምን አስቸኮለሽ ልጄ? ኮምፒዩተርሽ ላይ አላየሽም?»

«ፈራሁ።»

መርማሪው ራሱ ከፍቶ አየው። መስመሩ አለ። የፈረቃ ኃላፊው ከኋላው ቆሞ፣ «ሰውየው ከሞተ በኋላ ጨምራው ቢሆንስ?» አለ።

መርማሪው የማሽኑን ሶፍትዌር የሠራውን ፕሮግራመር ወደ ጥግ ወሰደው።

«መመሪያው እንዴት እንደሚጻፍ የወሰነው ማነው?»

«ማክሰኞ ከሟቹ ጋር አራት ሆነን ተሰብስበን ነበር። የሚጫኑት ቁልፍ በደማቅ፣ ሠራተኛው የሚሞላው ቁጥር በሰያፍ ፊደል የተጻፈበትን የመመሪያውን ረቂቅ እሷ ቀድማ ለሁለታችን ልካለች፤ ለኔና ለኃላፊው።»

«ለዚህም ስብሰባ?»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ!» ፕሮግራመሩ አዛጋ። «ሟቹ ‹ዓይኔ ደክሟል፣ ያጋደለ ፊደል አይታየኝም› ብሎ ሙጭጭ አለ። በመጨረሻ ሰያፉ ቀርቶ ከቁጥሩ ሥር ይሰመር ተባለ። እሷም በማግሥቱ አትማ አመጣችው።»

«ኃላፊውም ተስማማ?»

«እሱማ ስልክ ተደውሎለት መሀል ላይ ወጥቶ ቀረ።»

መርማሪው አርባውን ገጽ አንድ በአንድ ገለጠ። ሲጨርስ ሦስቱን ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ደክሞታል፤ ድምፁን እንኳ ከፍ ማድረግ አላሰኘውም።

«በሁሉም ገጽ የሚሞላው ቁጥር ከሥሩ ተሰምሮበታል። አሥራ ሰባት ላይ ብቻ በሰያፍ ነው። ስለዚህ ይህ ገጽ የመጣው ከረቂቁ ነው። ከስብሰባው በፊት ለፕሮግራመሩ የተላከው ረቂቅ ላይ ኃይል ይቋረጥ የሚለው መስመር አለ፤ እዚህ ወረቀት ላይ የለም። አንድ ሰው ሰርዞ፣ አትሞ፣ ትክክለኛውን ገጽ አውጥቶ ይህን ከቶበታል። ረቂቁ ያላችሁ ሦስታችሁ ናችሁ። እሷ ራሷን የሚያስከስስ ገጽ አትሠራም። ፕሮግራመሩ ሰያፉ መቅረቱን ያውቃል። ያልሰማው አንድ ሰው ነው።»

ኃላፊው ወንበሩ ላይ ኩምትር አለ።

«ማሽኑ አንዴ ከቆመ ለማስነሣት ግማሽ ቀን ይፈጃል» አለ። «‹ሳታጠፋ ጥረገው› አልኩት። እሺ አለኝ። ሲሞት ደነገጥኩ፤ ገጹን ቀየርኩት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ጸሐፊዋ ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«እኔ አልገደልኩትም ማለት ነው?»

«አልገደልሽውም ልጄ።»

በረጅሙ ተነፈሰች። ወዲያው ፊቷ ተለዋወጠ።

«እሱ ሞቶ እኔ እፎይ አልኩ እኮ» አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

መርማሪው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ለቅሶዋን እስክትጨርስም አልተነሣም።