በእሷ ስም የታዘዘው

ልጆቼ፣ ይህ የሆነ ነገር ነው። የነገረችኝ ራሷ የደረሰባት የእህቴ ልጅ ናት፤ እሷ ደግሞ ለቀልድ እንኳ አትዋሽም። ልቡ ቶሎ የሚደነግጥ ካለ ሰው አጠገብ ሆኖ ያንብበው።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቢሮ። ውስጧ ሁለት ሰው ብቻ... እሷና የሥራ ባልደረባዋ ሎጋው። ሎጋው የወንድሟ አብሮ አደግ ነው።

ወንድሟ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመቱ። የት እንዳለ አይታወቅም። በየሐሙሱ ብቻ፣ እሷ በምታስተዳድረው የቻት ክፍል ገብቶ "አለሁ" ይላል። ከዚያ ሌላ መገናኛ የላቸውም።

ክፍሉን ከተሳዳቢ የሚጠብቅ ቦት የሚሉት፣ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም አለ። ድሮ ቦቱ በዚያው በቻቱ መስመር፣ ሶኬት በሚሉት፣ "እገሌ ይውጣ" ብሎ ያዝዝ ነበር። አሁን ያ ቀርቶ ትእዛዙ ድር ኤፒአይ በሚሉት ሌላ በር እንዲሄድ ተወሰነ። በዚህኛው በር ያለ ቁልፍ፣ ያለ ምስጢር ቃል ማለት ነው፣ አይታለፍም፤ ማን እንዳዘዘ፣ ለምን እንዳዘዘ ይመዘገባል።

ትእዛዙን ወደ አዲሱ በር አዛውራ ጨረሰች። የድሮውን መስመር ዘጋች።

ወዲያው ከቻቱ አንድ ሰው ተባረረ።

ወንድሟ!

መዝገቡ ላይ ያዘዘው... እሷ። ምክንያት... ባዶ።

"ሎጋው... አንተ ነህ?" አለች በሹክሹክታ።

"እኔ? በዚህ በያዝኩት የሻይ ብርጭቆ ነው የማባርረው?"

"በእኔ ስም ነው የታዘዘው።"

"እንግዲያ ራስሽን ተቆጪያ!"

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቁልፏን ከእሱ ሌላ ማን ያውቃል? ነገሩን በሆዷ ይዛ ቁልፉን ሰረዘች። አዲስ አወጣች፤ ለማንም አላሳየችም። ወንድሟን ወደ ቻቱ መለሰችው።

"አለሁ" አለ።

ደግሞ ተባረረ። በእሷ ስም... በአዲሱ ቁልፍ።

"ተነስ፤ ውጣልኝ።"

"በእናትሽ፣ ምን አደረግኩሽ?"

"ውጣ!"

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

የሁለተኛውን መባረር ምክንያት ያኔ ነው ያየችው። ባዶ አልነበረም።

"እሱ አይደለም" ይላል።

እጆቿን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። መዝገቡ ግን መሙላቱን ቀጠለ...

ይግባ። ምክንያት፦ እኔ ነኝ።

ይውጣ። ምክንያት፦ እሱ አይደለም።

ይግባ። እኔ ነኝ።

ይውጣ። እሱ አይደለም።

ሁሉም በእሷ ስም።

ሎጋውን ልትጠራው ወደ መስኮቱ ሮጠች። ታች መንገዱ ዳር ቆሞ ሽቅብ ያያል። እሷን ግን አይደለም... በዚያችው በቆለፈቻት ቢሮ፣ አጠገቧ ያለውን ሌላ መስኮት ነው።

ፊቱ በራ። የናፈቀውን አብሮ አደጉን እንዳየ ሁሉ፣ እጁን አንስቶ ያውለበልብ ጀመር።