ሞተሩን የሚያዞረው ሰው

ወርክሾፑ ውስጥ «አይምሬ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አይታ አታልፍማ! ሥራዋ የጦር መርከቦችን ሞተር መመርመር ነው። ሞተሩ ዘሩ ከአውሮፕላን ነው። ሰማይ ላይ እንዲሠራ የተፈለሰፈውን ጋዝ ተርባይን ለባሕር አስማምተው፣ መርከብ እንዲገፋ አድርገውታል። ቀላል ነው፣ ጉልበተኛ ነው፣ ሲቀሰቅሱትም ቶሎ ይነሣል። ጠላቱ ጨው ነው። ጨዋማው የባሕር አየር ይገባና ውስጥ ያሉትን ስስ የብረት ክንፎች ቀስ እያለ ይበላቸዋል።

ምርመራው ታዲያ እዚያው መርከቡ ውስጥ የሚደረግ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እሷ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለውን ቀጭን ቱቦ በሞተሩ ቀዳዳ አስገብታ በትንሽ ስክሪን ታያለች። በወዲያኛው በኩል ደግሞ የመርከቡ መካኒክ ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞርላታል፤ ክንፎቹ አንድ በአንድ ፊቷ እንዲያልፉ። መሀላቸው ያ ሁሉ ብረት ስላለ አይተያዩም፤ የሚሰሙት የእርስ በርስ ድምፃቸውን ብቻ ነው።

የተዋወቁትም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ቀን «ቀጥል፣ ቀጥል» ስትል ቆይታ ከወዲያ በኩል አንድ ድምፅ መጣ፦

«እህቴ፣ እጄ ዛለ፤ ሰው ነኝ እኮ!»

«ሰው መሆንህን በምን አውቃለሁ? መቼ አየሁህ!»

ሳቀ። ያ ሳቅ በሞተሩ ሆድ አልፎ መጥቶ እሷ ሆድ ውስጥ ገባ፤ ገብቶም ቀረ።

ከዚያ ወዲህ መርከቡ ወደብ በመጣ ቁጥር እሱ ያዞራል፣ እሷ ታያለች፣ በመሀል ወሬ ይወራል። «ልጄን ለባሕር ሰው አልድርም» እያለች ስለምትፎክረው እናቷ ነገረችው። እሱም ምግብ ማብሰል እማራለሁ ብላ ቤቱን ልታቃጥል ስለደረሰችው ታናሽ እህቱ ነገራት። ዋናው ነገር ግን ከሁለቱም አፍ አልወጣም። የሆድን በሆድ ይዘው፣ «በል እንግዲህ»፣ «በይ እንግዲህ» ተባብለው ይለያያሉ። መርከቡ ሲሄድ አይምሬ መንገድ ላይ የወንድ ሳቅ በሰማች ቁጥር ዞር ትላለች። አቤት፣ ናፍቆት ሰውን ሲያጃጅል!

አሁንም መርከቡ መጣ። አንደኛው ሞተር ከልኩ በላይ እየጋለ አስቸግሯል። ስንጥቅ ከተገኘበት ሞተሩ ወጥቶ ሌላ እስኪተካ ድረስ መርከቡ ወደብ ላይ ይከርማል። ካልተገኘ ዛሬውኑ ይሄዳል፤ ያውም ለረጅም ጉዞ። ውሳኔው የአይምሬ ነው።

እግዜር ይቅር ይበላት፣ ስንጥቅ ተመኘች! ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ጠላት ስታሳድደው የኖረችውን ዛሬ እንደ ዘመድ ናፈቀችው። ክንፎቹ አንድ በአንድ አለፉ። ሁሉም ደህና።

«ከጨው በቀር ምንም የለበትም» አለች፣ ድምፅዋ ትንሽ ሰለል ብሎ። «በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ ይበቃዋል።»

«እስቲ እንደገና እዪው» አለ ከወዲያ በኩል።

እንደገና አዞረ፣ እንደገና አየች። ምንም።

«ርግጠኛ ነሽ? ምናልባት አምልጦሽ ይሆናል።»

ደሟ ፈላ። ከሰው ሁሉ እሱ!

«ዓይኔን ካላመንከው ሌላ ዓይን ቅጠር!»

«ኧረ እንደሱ ማለቴ አይደለም፣ እኔኮ...»

«በቃ! ጨርሰናል።»

ቱቦዋን ጠቅልላ፣ «መሄድ ይችላል» ብላ ፈርማ፣ ደህና ሁን እንኳ ሳትለው ወጣች።

ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ አለቃዋን ቆመው አገኘቻቸው። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው።

«ምነው ልጄ፣ ማን ነካሽ?»

«ያ የመርከቡ መካኒክ ነዋ! ናቀኝ፣ ጋሼ! ‹እንደገና እዪ፣ አምልጦሽ ይሆናል› ይለኛል!»

ጋሼ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ በዚህ ሥራ ሸበትኩ። የመርከብ ሰው ‹ደህና ነው በይልኝ› ብሎ ሲለምን ነው የማውቀው። ጉድለት ፈልጊልኝ ብሎ ሲለማመጥ እንኳን ላይ ሰምቼም አላውቅ! ሞተሩ ቢታመም እዚህ የሚከርመው ማነው? ብረት ሲሆን ታያለሽ፣ ሰው ሲሆን ግን ዓይንሽ ፈሷል።»

አሁን ገባት። ወዲያው እግሬ አውጪኝ አለች።

የድሮ የእንፋሎት መርከብ ቢሆን ኖሮ ውሃው እስኪፈላ ትደርስበት ነበር። ይሄኛው ግን የአውሮፕላን ዘር ነው፤ አይጠብቅም። ወደቡ ላይ ስትደርስ ሞተሩ ታጥቦ ማፏጨት ጀምሯል፣ መሰላሉ ተነሥቷል፣ ከገመዶቹም አንድ ብቻ ቀርቷል። መካኒኩ ከታች ነው፤ በዚህ ሰዓት ሞተሩን ጥሎ ብቅ አይልም።

የመርከቡ ጠርዝ ላይ ገመድ የያዘ መርከበኛ አየች።

«ወንድሜ! መካኒኩን ንገርልኝ!»

መርከበኛው አወቃት፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምነው? ብልሽት አገኘሽ እንዴ? ላስቁመው?» አለና ግድግዳው ላይ ወዳለው ስልክ እጁን ሰደደ።

«አዎ» ብትል አበቃ። መርከቡ ይቆማል፣ እሱ ይቀርላታል፣ የሚጠይቃትም የለም። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን ያ ሁሉ ሰው ባሕር ላይ ተኝቶ የሚያድረው የሷን ቃል አምኖ ነው፤ እሱም ጭምር። እንባዋ ቀደማት።

«የለም! ሞተሩ ደህና ነው!» ብላ ጮኸች። «ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ በለው! እወደዋለሁ በለው!»

መርከበኛው እየሳቀ ስልኩን አነሣ፤ አንድ ጆሮውን ደፍኖ ጮኸበት፣ አዳመጠ። የመጨረሻው ገመድ ተፈታ፣ መሀላቸው ያለው ውሃ ሰፋ። መርከበኛው ሁለት እጁን አፉ ዙሪያ አድርጎ ተጣራ፦

«የእናትሽ ቤት በየት በኩል ነው ይላል!»

መለሰች፤ ሞተሩ ግን ድምፅዋን ዋጠው። እጇን አነሣችና ጠቆመች፤ ከመጋዘኖቹ ባሻገር፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ አቀበቱ ላይ ወዳለው ሰማያዊ በር። ወደቡ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ምን ጉድ መጣ ብሎ ወደዚያው ዞሮ አየ። እሷ መርከቡ ከወደቡ አፍ ወጥቶ እስኪሰወር ድረስ እጇን አላወረደችም።