ዘመቻው ሳይጀመር

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በክረምቱ መግቢያ፣ ሁለቱን አገሮች የሚያዋስነው ወንዝ ሞልቶ ዳርና ዳሩን ይገፋ ነበር፤ የድንጋዩ ድልድይ ወገቡ በፈንጂ ተቆርጦ፣ ጫፎቹ እንደ ተኳረፉ ወንድማማቾች ከወዲህና ከወዲያ ማዶ ተፋጠው ቆመዋል። ዘመኑ ኃያላን መንግሥታት ዓለምን ለሁለት ተካፍለው በጎሪጥ የሚተያዩበት፣ ትንንሾቹም አገሮች «የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ቀድመን የምንደርሰው እኛው ነን» ብለው ቃል ኪዳን የተፈራረሙበት ነበር፤ ሆኖም የቃል ኪዳኑ ጦር ድንበር የሚሻገረው የዓለሙ ሸንጎ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ሸንጎው ደግሞ ገና ይከራከራል።

ከወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ በአማፅያን ተከባ እህልና መድኃኒት ካጣች ሰንብታለች። ከወዲህ ማዶ ከሰፈረው ጦር የመሐንዲሶቹን ክፍል የሚያዝዘውን ኮሎኔል ወታደሮቹ «አባ ልክ» ይሉታል፤ ግንድም ሆነ ነገር ሳይለካ አይቆርጥምና። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞቱበት አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ነበረች፤ እርሷም ወደዚያች ከተማ ተድራ ሄዳ፣ አሁን በተከበበው ሆስፒታል ዋና ነርስ ናት።

የጦሩ አዛዥ ጄኔራል አንድ ቀን ጠዋት፣ ጽሕፈት ቤታቸው ወዳደረጉት የድሮ ጉምሩክ ቤት አስጠሩት። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ካርታ ማዕዘኖቹ እንዳይጠቀለሉ በሻይ ብርጭቆዎች ተይዟል።

«ነገ መድፉ መንገድ ይጠርጋል፤ እግረኛው በጀልባ ይሻገራል» አሉት።

«በማን ፈቃድ፣ ክቡር ጄኔራል?»

«በእኔ! ሸንጎው እስኪስማማ የሚቀበር እንጂ የሚድን አይኖርም። ደግሞ ይህን የምትጠይቀኝ አንተ ነህ? እኅትህ እዚያ እያለች?»

አባ ልክ ፊቱ ቢለዋወጥም ድምፁ አልተናወጠም። «ስለ እርሷ ሳስብ እህል አይወርድልኝም። ግን በራሳችን ባንዲራ ከገባን ወራሪዎች ነን። አማፂው ‹አገራችሁ ተደፈረች› ብሎ ሕዝቡን ያስነሳል፤ አጋሮቻችን ጦራቸውን ይመልሳሉ፤ ከኃያላኑም አንዱ ለእርሱ፣ ሌላው ለእኛ መሣሪያ ያራግፋል። እሳት ልናጠፋ ሄደን ቤንዚን ደፍተን እንመለሳለን።»

«ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንያቸው?»

«የለም። ጀልባ ይስጡኝ፤ ዱቄት፣ መድኃኒትና አንድ ሐኪም ይስጡኝ። ጠመንጃ ሳንይዝ እንሻገራለን። ፈቃደኞቹን እኔ አገኛለሁ።»

ጄኔራሉ ትንሽ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ከሰመ። «አንተ ሰው፣ አብደሃል። ከተተኮሰባችሁ መድፈኛውን የሚይዝልኝ የለም።»

«እርስዎ ይይዙታል፣ ክቡርነትዎ። የምለምንዎ ይህንኑ ብቻ ነው።»

ጄኔራሉ ፈቀዱለት፤ በማግሥቱም ፈቃደኞቹ ጠመንጃቸውን በሸራ ላይ አጋደሙ። መጀመሪያ ያጋደመው፣ በተጫዋችነቱ «ፍልቅልቁ» የሚባል አንድ ሃምሳ አለቃ ነበር። «ጌታዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ‹ጠመንጃህን ጣልህ› ተብዬ ስቀጣ ኖሬ፣ ዛሬ ጣል ተብዬ ልታዘዝ?» ቢል፣ ፍርሃት ያደረቃቸው ከንፈሮች ሁሉ ሳቁ።

ጀልባዎቹ ወንዙን አጋምሰው ሳለ ከማዶ ተተኮሰ። ሃምሳ አለቃው ድምፅ ሳያሰማ በዱቄቱ ጆንያ ላይ ተደፋ። በዚህኛው ዳርቻ መድፈኞቹ ወደ መድፋቸው ዘለሉ። ያን ጊዜ አባ ልክ በሚወዛወዘው ጀልባ ላይ ብድግ ብሎ ቆመ፤ ለተኮሱበት ሰዎች ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሁለት እጆቹን ወደ ገዛ ወገኖቹ ዘረጋ።

«ክቡር ጄኔራል፣ ትእዛዝ ይስጡን!» አለ የመድፈኞቹ አለቃ።

ጄኔራሉ መነጽራቸውን ከዓይናቸው አላነሱም። «ማንም እንዳይተኩስ!» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ማንም!»

ከማዶ የአማፅያኑ መሪ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጠበቃቸው፤ ቀድሞ አስተማሪ ስለነበረ ተዋጊዎቹ «መምህሩ» ይሉታል።

«ጠመንጃችሁስ?»

«ማዶ ቀርቷል። ፈትሽ።»

«ዛሬ ዱቄት፣ ነገ መድፍ ልትልኩ ነዋ!»

«ነገም እንመጣለን፤ አልዋሽህም» አለ አባ ልክ። «የምንመጣው ግን ሦስት አገር ሆነን፣ ሸንጎው ፈቅዶልን፣ በአንተና በአገርህ መንግሥት መካከል ልንቆም ነው። እኛን ብትገድል የሚመጣብህ መካከል የሚቆም አይደለም። ይልቅ ቁስለኞችህን አምጣ፤ ሐኪሙ ያያቸዋል።»

መምህሩ ሬሳውን አየ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። «ያለ ትእዛዜ ነው የተተኮሰው» አለ ቀስ ብሎ። «እለፉ።»

በሆስፒታሉ መተላለፊያ እኅቱ ደም የነካው ልብሱን ስታይ ወደ እርሱ ሮጠች። «ተመታህ እንዴ?»

«የእኔ ደም አይደለም፣ እታለም።»

አቅፋው ስታለቅስ ቆየችና ትከሻውን መታ አደረገችው። «ደግሞ ምነው እንዲህ ከሳህ? አያበሉህም?» አለችው፤ እርሷ ራሷ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ።

ወሬው ብዙም ሳይቆይ ሸንጎው ዘንድ ደረሰ፤ «የጎረቤቶቹ ዘመቻ በእርዳታ ስም የተሸፈነ ወረራ ነው» ሲሉ የነበሩ መልእክተኞች ተቃውሟቸውን አነሡ፤ ፈቃዱም ተሰጠ። አባ ልክ በጠገነው ድልድይ የሦስቱ አገሮች ጦር ተሻግሮ በሁለቱ ወገኖች መካከል ሰፈረ፤ መምህሩና የአገሩ መንግሥትም ለድርድር ተቀመጡ፤ ሰላሙም ጸና።

ከዓመታት በኋላ በድልድዩ ራስ ላይ ለዘመቻው ሰማዕታት ሐውልት ሲቆም፣ የሃምሳ አለቃው ስም ግን አልተቀረጸም፤ እርሱ በወደቀ ዕለት ዘመቻው ገና አልተጀመረም ነበርና። አባ ልክ ደጅ ጠና፤ ጡረታ የወጡት ጄኔራልም አብረውት ጠኑ፤ «ደንቡ አይፈቅድም» ተባሉ። የታሪክ መጻሕፍትም የሸንጎውን ውሳኔ፣ የጦሩን ብዛትና የአዛዦቹን ማዕረግ ሳያጓድሉ ጻፉ። የመጻሕፍቱ ቃል እውነት ነው፤ ሰላሙን ያጸናው የብዙ አገሮች ክንድ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ያ ክንድ እንዲታመን ባዶ እጁን ቀድሞ የተሻገረ ሰው ነበረ፤ የዚያ ሃምሳ አለቃ እናትም እስከ ዕለተ ሞታቸው ልጃቸው የት እንደወደቀ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «ሰው ሳይገድል ሞተልኝ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም።