ገጽ ሠላሳ አንድ

«ደብተሩን ዝጊው። አባዬ ከጻፈ ጽፏል፤ አለቀ» አላት ወንድሟ።

እሷ ግን ትዕግሥቷ አልቋል። ከጠዋት ጀምሮ ከትምህርት ቤቱ የኋላ አጥር ሥር ተንበርክካ የዩኒፎርሟ ጉልበት አረንጓዴ ሆኗል። የቢራቢሮ ክበቡ አለቃ ወንድሟ ነው። መመሪያው ደግሞ አባታቸው ትቶት የሄደው ደብተር፤ እስካለፈው ዓመት የቤተ ሙከራው ሠራተኛ እሱ ነበር። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ቡናማዋን ዘላይ ቢራቢሮ ሥሏታል፦ ራሷ ትልቅ፣ ገላዋ ድብልብል፣ የአንቴናዋ ጫፍ እንደ መንጠቆ የታጠፈ። እስከዚህ ልክ ነው። ከሥሩ ግን «የትሏ ምግብ፦ የወፍ ቆሎ» ይላል። ክበቡም ይህን አምኖ አጥሩን ሙሉ ያን አበባማ ቁጥቋጦ ተከለ፤ የቀረውን ሣር ዛሬ ከእረፍት በኋላ እንዲያጭዱለትም አትክልተኛውን ለመነ።

የወፍ ቆሎው ላይ በሦስት ወር አንዲት ትል አልታየችም። ቢራቢሮዎቹ መጥተው አበባውን ይጠጡና እብስ ይላሉ። ዛሬ አንዷን እግር በእግር ስትከተላት፣ ቢራቢሮዋ ሣሩ ላይ አርፋ እንቁላሏን ጣለች። እዚያው አጠገብ የተጠቀለለ የሣር ቅጠል ቀጥፋ ገለጥ ብታደርገው አንዲት አረንጓዴ ትል ተኝታለች።

«አባዬ የምትጠጣበትን እንጂ የምታድግበትን አላየም» አለችው፣ ቅጠሉን መዳፉ ላይ እያኖረች።

«አንቺ ያየሽው አንድ ጠዋት ነው፤ እሱ ሃያ ዓመት አይቷል። ወይዘሪት ለምን።»

«ወይዘሪት ለምን» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት አባቷ ነበር። ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ ተከራክራ የምትረታው ቀን ሲደርስ እሱ የለም። ቢኖር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «እስቲ አሳዪኝ» ይላት ነበር። ወንድሟ እቴ፣ ደብተሩን አቧራ እንኳ እንዲነካው አይፈልግም።

አትክልተኛው ማጭዳቸውን ይዘው ደረሱ።

«ጋሼ፣ ይችን ጥግ ይተዉልኝ።»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ደብተሩ ያለውን አድርግ ነው የተባልኩት።»

ወንድሟን አየችው። እሱ መዳፉ ላይ የምትንቀሳቀሰውን ትል እያየ ነበር።

እርሳሷን አወጣች። የአባቷን መስመር አልሰረዘችም። ከሥሩ ግን በራሷ እጅ «ሣር። ቅጠሉን ጠቅልላ ውስጡ ትኖራለች» ብላ ጻፈች፤ ቀኑንም ጨመረችበት። ከዚያ ገጹን ወደ አትክልተኛው አዞረችላቸው።

«ይኸው ጋሼ፣ ደብተሩ።»

ወንድሟ እጁን ሰደደ። ሊነጥቃት መስሏት ደብተሩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን ሣሩ ውስጥ አኖረው።