የቀትሩ ሳተላይት

ኤፍሬም ምሳውን በልቶ እንደ ልማዱ ጣሪያው ላይ ወጣና ነፋስ ያዞረበትን አንቴና አስተካከለ። አንቴና ይበለው እንጂ ከአሮጌ የመጋረጃ ዘንግ የተቆረጡ ሁለት አልሙኒየሞች ናቸው፣ እንደተከፈተ መቀስ እንጨት ላይ የታሰሩ፤ ከእነሱ የሚወርደው ሽቦ በመስኮት ገብቶ አውራ ጣት የምታህል ርካሽ መቀበያ ላይ ይሰካል፣ መቀበያዋም ጎኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ላይ። ከሰማይ የሚያልፉ የአየር ጠባይ ሳተላይቶች የደመናውን ሥዕል በዚህች በኩል ያቀብሉታል። የሰፈሩ ሰው ሥራ ፈት ይለዋል። ታላቅ ወንድሙ ምናሴ ግን ጫሞ ሐይቅ ላይ መረብ ጥሎ የሚውል ሰው ነው፤ ማዕበል ጓደኛውን ከወሰደበት ወዲህ ኤፍሬምን ሳይጠይቅ ጀልባ አውጥቶ አያውቅም።

«የሰማዩ ዘበኛ፣ ዛሬስ አለቃህ ምን አለ?» ይላል በመስኮቱ ብቅ ብሎ። ይስቅበታል፣ የነገረውን ግን ይሰማል።

ዛሬ ጠዋትም ጠይቆት ነበር። በሥዕሉ ላይ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ተራሮቹ አናት ላይ፣ በነጩ ደመና መሐል ጥፍር የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረች። ኤፍሬም የምልክት መቆራረጥ ነው ብሎ ናቃትና ሰማዩ ደህና ነው አለው።

የቀትሩ ሳተላይት ከአድማስ ብቅ ሲል መጀመሪያ ካፊያ ቆርቆሮ ላይ ሲያንሾካሹክ የሚመስል ድምፅ መጣ፣ ቀስ በቀስም ከውስጡ የታወቀው ምት ወጣ፤ ጣ... ጣ... ጣ... እሩቅ ቦታ አንድ ሰው ሳይቸኩል ሚስማር የሚመታ ይመስል። በየምቱ ሥዕሉ አንድ መስመር ይጨምራል። ኤፍሬም ይህን ጊዜ ይወደዋል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ አገሩን ከላይ የሚያይ፣ ማንም የማይደርስበት ሰው ይሆናል። ሥዕሉ መሐል ላይ ሲደርስ ምቱ ቆመ። ሹክሹክታውም ቆመ። መቀበያዋ አልተነቀለችም፤ መስመሮቹ መውረዳቸውን አላቋረጡም፣ ግን ጥቁር ሆኑ፣ በክፍሉ ውስጥም የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ መጣ። ከዚያ ምቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ።

ሁለቱን ሐይቆችና ከተማውን ከካርታ ቀድቶ የሣለበትን ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ስክሪኑ ላይ ለጠፈ። ጥቁሩ ነገር አድጎ ነበር። የደመና ዳር ይበጣጠሳል፣ ይሳሳል፤ የዚህ ዳር ግን በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፣ በዙሪያው ያለውም ደመና ሁሉ ውሃ ወደ ቀዳዳ እንደሚሳብ ወደ እሱ ተጎትቷል። ያረፈው ጫሞ ላይ ነው።

ስልኩን አንስቶ ሐይቁ ላይ ላለው ምናሴ ደወለ። ምናሴ ዓሣው ገና አሁን መግባት መጀመሩን፣ ሰማዩም መስታወት መምሰሉን እየነገረ ሊያሾፍበት ሞከረ። ኤፍሬም ግን በእናታቸው ነፍስ ለመነው፤ መረቡን ትተህ ውጣ፣ የትም ሳትቆም ቤት ና አለው።

«እሺ» አለ ምናሴ፣ ሳቁን ትቶ። «አንተ ካልክ መጣሁ።»

ኤፍሬም ተንፈስ አለ። ፊቱን በሸሚዙ ጠርጎ እንደገና ሥዕሉን ሲያይ ስህተቱ ገባው። የጠዋቱ ሳተላይት ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ የቀትሩ ግን ከደቡብ ነው የሚመጣው፣ ሥዕሉም ተዘቅዝቆ ይደርሳል። ሁልጊዜ መጀመሪያ ገልብጦ ነበር የሚያየው። ዛሬ በድንጋጤ ረሳው። አሁን ገለበጠው። ጥቁሩ ነገር ከሐይቁ ላይ ተነሳና ከተማው ላይ፣ ልክ የእነሱ ሰፈር ላይ አረፈ።

ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጭ ፀሐይ ነው። የእትዬ አስካለ ልብስ ገመዱ ላይ ይወዛወዛል። እሳቸውም ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሰው ይጣራሉ፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ድምፅ ግን የለም። ውሻቸው አንገቱን ገትሮ ይጮሃል፣ ድምፅ የለም። የተቃጠለው ፀጉር ሽታ ወፈረ።

ደወለ። ምናሴ ወዲያው አነሳ።

«ዳር ደርሻለሁ። ኧረ ሰፈራችን ምን ሆኗል? ከዚህ አይታየኝም፣ ጥቁር ነገር ውጦታል። አንተ የት ነህ?»

አትምጣ አለ ኤፍሬም። ወንድም ጋሼ፣ ተመለስ፣ ሐይቁ ይሻልሃል አለ፣ ጉሮሮው እስኪቃጠል ጮኸ፣ ጩኸቱ ግን ለገዛ ጆሮው እንኳ አልደረሰም።

«ኤፍሬም? ለምን ዝም ትላለህ? ልምጣ ወይስ ልቅር?»

ኤፍሬም ስልኩን በሁለት እጁ ጨምቆ አፉን እንደከፈተ፣ ከስልኩ ውስጥ የራሱ ድምፅ ረጋ ብሎ ሲመልስ ሰማ፤ «ሰማዩ ደህና ነው፣ ወንድም ጋሼ። ና።»