«ኮቱ» ብዬ የጠራሁ ዕለት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ጎረቤቶቼ ጋኔን አየን፣ ድምፅ ሰማን ሲሉ «እናንተን ያየ ጋኔን ራሱ ደንግጦ አልሸሸም?» እያልኩ የምስቅ፣ ባሌ ከሞተ በኋላ እንኳ ኩራዝ ሳልይዝ ጓዳ ገብቼ የፈለግኩትን ዕቃ የማወጣ ሴት ነኝ። ደግሞ ይሄ የማወራችሁ ነገር የሆነው በጨለማ አይደለም፣ ከሚሴ ከተማ ዳር፣ በአርብ ቀትር፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ነው። በጨለማ ቢሆንማ ዓይኔ ነው ብዬ እተወው ነበር።

ቤቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ቦርከና በሚያወርደው መንገድ ዳር ነው። ዳማ የሚባል ውሻ አለኝ፣ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ባሌ በጋቢው ጠቅልሎ ያመጣልኝ። ውሻ ከቤት አይገባም ብለን ግቢ ነው ያሳደግነው፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጅ አልወለድኩም፣ ባሌም ከሄደ ወዲህ በዚያ ግቢ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ እሱ ብቻ ነው። ጎረቤት ባቲ ገበያ ወይም ለቅሶ ሲሄድ ውሻውን እኔ ዘንድ ትቶ ይሄዳል፣ ሰፈሩ «የውሻ እናት» ይለኛል፣ እኔም «ከእናንተ እነሱ ይሻሉኛል» እላቸዋለሁ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የውሻ በሽታ ገባ። ዓይናቸው በዓይን አር ይዘጋል፣ አፍንጫቸው ይዝረበረባል፣ ጉሮሮው ላይ አጥንት እንደቆመበት ሰው ደረቅ ሳል ይስላሉ፣ በመጨረሻ ይንቀጠቀጡና ይሞታሉ። ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሮጥኩ፣ ክትባቱ አልቆ ነበር። «እስኪመጣ ድረስ ዳማን ከሌላ ውሻ ጋር አታገናኚ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ አያ ሰኢድ አንዲት ግራጫ ውሻ በገመድ እየጎተተ መጣ።

«ዘሀራ፣ አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሀምዱሊላህ። ምነው በጠዋቱ?»

«እህቴ ባቲ ታማብኛለች፣ መሄዴ ነው። ይችን ውሻ አደራ።»

«ኧረ በአላህ አያ ሰኢድ! በሽታው እንዲህ እያለ? ዳማዬን ልታስገድልብኝ ነው?»

«አደራ ነው ያልኩሽ እኮ፣ ዘሀራ።»

አደራ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ገመዱን ተቀበልኩ። ስሟን ብጠይቀው «ኮቱ» አለኝ፣ ሳቄ መጣ፣ ኮቱ በኦሮምኛችን «ና» ወይም «ነይ» ማለት ነው፣ ማን ለውሻው ነይ ብሎ ስም ያወጣል? «ከባቲ መንገድ ተከትላኝ መጣች፣ በሌላ ስም ብጠራት አልሰማ አለች» ብሎኝ ሄደ። እየሳቅኩ ሳለ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ በቀትር ደጅ ቆመን እንድንጣራ አትፈቅድም ነበር፣ የግድ ከሆነም «በስም ጥሩ፣ ዝም ብላችሁ ኮቱ አትበሉ፣ ማን እንደሚሰማችሁ አታውቁም» ትለን ነበር። የአሮጊት ወሬ ብዬ ተውኩት።

ሐኪሙን ደግሜ ጠየቅኩት፣ ያለኝን ሁሉ አደረግኩ። ኮቱን ከቤቱ ጀርባ ጭድ ቤት አሰርኳት። የዳማ ሳህን ፓፓያው ሥር ያለችው ብረቷ ናት፣ ለኮቱ ቀይ ፕላስቲክ ሰጠኋት። መጀመሪያ ዳማን አበላለሁ፣ ከዚያ ጫማ ቀይሬ ወደ እሷ እሄዳለሁ፣ ስመለስ እጄን በሳሙና እፈትጋለሁ፣ በሃይማኖታችን ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ስለሚታጠብ ቀዩንም ሳህን እንደዚያው አጥበዋለሁ። ሐኪሙ «እንዳንቺ የሚጠነቀቅ አላየሁም» ብሎ ሳቀ። ኮቱ ግን ዝም ያለች ውሻ ነበረች፣ አትጮህ፣ አታለቅስ፣ ዝም ብላ ታይሃለች። ሐሙስ ማታ መሳል ጀመረች።

አርብ፣ ወንዱ ሁሉ ጁምዓ ሄዶ ሰፈሩ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ውኃ ልሰጣት ጭድ ቤት ገባሁ። የለችም። ገመዱ እንዳሰርኩት ነው፣ ቋጠሮው አልተፈታም፣ ያንገቷ ማሰሪያ ክቡን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀምጧል። አሁን ስታስቡት ጭዱን ፈትሺ ትሉኛላችሁ፣ በዚያች ሰዓት ግን የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ይች በሽተኛ ዳማን ልትነካብኝ ነው። የጓሮውን በር ከፍቼ ወደ ወንዙ፣ ባለኝ ድምፅ «ኮቱ! ኮቱ! ኮቱ!» አልኩ።

ወላሂ፣ ወፉ ሁሉ ዝም አለ። አንድ ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጥፍር ድንጋይ ላይ ሲረግጥ ሰማሁ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ እኔ። ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክያለሁ፣ ምንም የለም። ድምፁ በአጠገቤ አለፈ፣ ቀሚሴ ጫፉ ላይ እርጥብ ነገር እንደነካው ሁሉ እግሬ ላይ ተለጠፈ፣ ከዚያ ወደ ግቢው ውስጥ ገባ።

ዞር ስል ዳማ ፓፓያው ሥር ተኝቶ ነበር፣ ተነሳ። አልጮኸም፣ ጅራቱን ከሆዱ ሥር ከቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ብሎ ግድግዳው ላይ ተጣበቀ። ውኃው ብረቷ ሳህን ውስጥ ይርገበገባል፣ ውሻ ውኃ ሲልስ የሚሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፣ እሱ ድምፅ ነው፣ ለክ ለክ ይላል፣ ውኃው ዓይኔ እያየ ይጎድላል። ማንም የለም! መላሱ ሲያበቃ፣ እዚያው ሳህኑ ላይ፣ ያው ደረቅ ሳል አንዴ ተሰማ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፣ ዳማን እንደ ሕፃን ታቅፌ ቤት አስገብቼ በሩን ቀረቀርኩ፣ ውሻ ቤት አይገባም ያልኩት ሁሉ ቀረ። ሰዉ ከመስጊድ ሲመለስ ድምፁ አደፋፍሮኝ ወጣሁ። ጭዱን ሳነሳ ኮቱ ከጀርባው ናት። ደርቃለች፣ ዝንብ ወሮአታል፣ ከሌሊት ጀምሮ የሞተች ናት። ታዲያ እኔ ስጠራ የመጣው ማን ነው?

አያ ሰኢድ ሲመለስ ነገርኩት። ስለ ውሻዋ ሞት አልተናደደም፣ የጠየቀኝ ሌላ ነው።

«ደጅ ቆመሽ ጠራሻት እንዴ? በቀትር?»

«አዎ፣ ምን ላድርግ?»

«እኔም ያኔ ባቲ መንገድ ላይ ኮቱ ያልኩት እሷን አልነበረም፣ ወደ ኋላ የቀረ ጓደኛዬን ነበር። ቀትር ነበር። ጓደኛዬ ሳይደርስ እሷ ደረሰች» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያች ውሻ አንስቶ አያውቅም።

ዳማ አልታመመም። የሰፈሩ ውሻ ግማሹ አልቆ እሱ አልሳለም፣ ክትባቱም ደርሶ ተወጋልኝ። ግን በየአርቡ በቀትር እየተነሳ ከሳህኑ ይርቅ፣ ግድግዳው ላይ ይጣበቅ ጀመር። እኔም ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ እንዳትስቁብኝ፣ የሐኪሙን ምክር ያዝኩ። የእንግዳ ሳህን ለብቻው ነው አይደል ያለው? አርብ አርብ ከቀትር በፊት ቀዩን ሳህን ሞልቼ ጭድ ቤት በር ላይ አኖራለሁ። ከሰዓት ስሄድ ባዶውን አገኘዋለሁ። ሰባት ጊዜ አጥቤ እሰቅለዋለሁ። ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ዳማ ከሳህኑ አልሸሸም፣ እኔም ዓመት አልፎኝ ለመድኩት፣ ሰው የማይለምደው የለም። እንግዳ ሲመጣ ግን «ግቡ» እንጂ «ኮቱ» አልልም፣ ዘሀራ ኦሮምኛ ጠላች ብለው ያሙኛል፣ ይሙኝ።

ያለፈው አርብ ሰንበቴ ከተማ ድንገት ለቅሶ ተጠርቼ በጠዋት ወጣሁ። ቀዩ ሳህን ትዝ ያለኝ እዚያ፣ የአዛን ድምፅ ስሰማ ነው። ጥዬ ተነሳሁ፣ የሚኒባሱን ሾፌር ንዳ ንዳ እያልኩ ነፍሱን አወጣሁት። ግቢ ስገባ ቀዩ ሳህን እንደሰቀልኩት ግድግዳው ላይ ነው። ፓፓያው ሥር ያለችው ብረቷ ሳህን ደርቃለች። ዳማ አጠገቧ ተኝቷል፣ ሲያየኝ እንደ ልማዱ ጅራቱን እየቆላ ተነሳ፣ ወደ እኔ ሁለት እርምጃ መጣና ቆመ።

አንዴ ሳለ።