የጠፋው ክፍተት

ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ውስጥ ጠበሉ ጠብ ጠብ ይላል። ደግሰው ከተሳላሚው መሐል ሾልኮ ፍላሹን በምሥራቅ መዳፍ ላይ አኖረው።

«የዛሬው ይኸውልሽ። ‹በኮን አትለፉ› ነው ያሉት።»

«ጠርጥረውሃል?»

«እንጃ። ሂጂ አሁን።»

ልትነግረው የፈለገችውን ነገር ዋጠችው። ምን ታድርግ፣ ትእዛዝ ነዋ!

የጥንት ብራና ዘራፊዎቹ በስልክ አይነጋገሩም። ላሊበላ ከተማ ለይስሙላ ቢሮ ከፍተው የኮምፒውተር መመሪያ ያወጣሉ። በቃላቱ መሐል አንዴ አንድ፣ አንዴ ሁለት ክፍተት ይተዋል፤ አቆጣጠሩን የሚያውቅ ሾፌር መልእክቱን ያነበዋል። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ደግሰው ነው፤ ገጹን የሚያሰናዳውን ፕሮግራም የምትጠግነው ምሥራቅ ናት። ሁለቱም ቅጥረኛ መስለው የገቡ ሰላዮች ናቸው።

የስለላ አለቃቸው «መምሬ» ትናንት አዘዛት።

«ፕሮግራሙ ትርፉን ክፍተት ሁሉ ወደ አንድ ያጥብበው። መልእክቱ ይጥፋና ብራናውን የጫነው መኪና ኮን ከተማ ላይ ይያዝ።»

«ደግሰውስ? ለኔም የሚልክልኝ በዚያው እኮ ነው።»

«ሌላ መንገድ ሰጥቼዋለሁ። እንዳትነግሪው።»

ቢሮ ገባች። ክፍተቱን እንዳለ የሚያቆየውን፣ ማክሮ የሚባለውን የፕሮግራም ትእዛዝ ከፈተች። ሦስት መስመር ለወጠች። ገጹ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ውይ፣ እጅሽ ይባረክ! እንዴት አማረ!» አለ ኃላፊው።

ስምንት ሰዓት ላይ መኪናው ከነብራናው ኮን ተያዘ። ምሥራቅ ዱካዋን ልታጠፋ ስትጣደፍ ደግሰው በአምስት ሰዓት ለቢሮው የላከውን ገጽ አየች። ፕሮግራሙ ያልነካውን ዋናውን ጽሑፍ ከፈተች። ክፍተቶቹን በጣቷ ቆጠረች።

ደርሰውብኛል። ዋሻው ጋ ነኝ። ድረሽልኝ።

ሦስት ሰዓት አልፎታል።

ደግሰው የቁም ጸሐፊ ልጅ ነው። ብራና ላይ የሰፈረ ከነክፍተቱ ዘመን ሲሻገር እያየ ነው ያደገው። የላከው ሳይነካ እንደሚደርስ አምኖ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። አይ ደግሰው!

«ሌላ መንገድ ሰጥቼዋለሁ ብለውኝ ነበር!» ጮኸች መምሬ ጋ ደውላ።

«መንገዱ እንደተዘጋ ቢያውቅ ይሸሻል። ቢሸሽ መኪናው ይመለሳል» አለ መምሬ። ዘጋው።

ሬሳውን ከዋሻው በታች አገኙት።

በማግስቱ ቀብሩ ላይ ምሥራቅ ነጠላዋን ተከናንባ ከሰው ኋላ ቆመች። እንባዋን በጫፉ ጠረገች። እናቱ እትዬ አልጣሽ ደረታቸውን እየደቁ አጠገቧ ደረሱ።

«ልጄን ታውቂው ነበር፣ የኔ እናት?»

«አላውቀውም፣ እማማ። ለመሳለም የመጣሁ እንግዳ ነኝ።»

«ለማታውቂው እንዲህ አለቀስሽለት? ፈጣሪ ብድርሽን ይክፈልሽ» ብለው ግንባሯን ሳሟት።

ለቀስተኛው ወደ ድንኳኑ ሲያዘግም፣ እሷ ወደ አየር ማረፊያ የሚወስድ ባጃጅ ጠራች።